ሁለት በር ያለው አበባ ቤት

ጥር 22 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አምሳሉ የተወለደባትን አምበርን በአውቶቡስ መስኮት እያየ አለፋት። «ወራጅ አለ!» ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ ዐይኑ ጉልበቱ ላይ ወዳስቀመጠው ነገር ወረደና አፉን መልሶ ዘጋ።

ጉልበቱ ላይ ያለው የአበባ ጉንጉን ነበር። ጠዋት ከአዲስ አበባ ሲነሣ ነጭ ጽጌረዳ የሞላበት፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ጉንጉን ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ግን «ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል» ብሎ ከጣሪያ ላይ ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር አሰረው። መኪናው ዓባይ በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ድረስ ፀሐዩና ነፋሱ ተጋግዘው ጨረሱት። ደጀን ላይ አስወርዶ ሲያየው አበባው የተቀቀለ ጎመን መስሎ ነበር። ደኅና የተረፈው ጥብጣቡ ብቻ ነው፤ «ለውድ እናቴ ለወይዘሮ የብርጓል» ይላል።

በማግስቱ የእናቱ አርባ ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ካህናቱ ሁሉ በሚሰበሰቡበት ቀን በዚያ ጉንጉን ወደ መቃብሯ መሄድ አቃተው። እዚያው አምበር ወርዶ ባዶ እጁን ወደ ቤት መግባትም አቃተው። ስለዚህ ዝም አለ፤ መኪናውም ወደ ደብረ ማርቆስ ይዞት ሄደ።

አጠገቡ የተቀመጠችው ወጣት ይህን ሁሉ ስታይ ነበር። ዜማ ትባላለች። በኮምፒዩተር ትምህርት ተመርቃ አዲስ አበባ ሥራ የጀመረች፣ ዕረፍት አግኝታ ወደ ቤተ ዘመዶቿ የምትሄድ ልጅ ናት።

«ወንድሜ፣ አይቆጡኝና፣ አበባውን ከአዲስ አበባ ድረስ ለምን ተሸከሙት? ማርቆስ እኮ አበባ ቤት አለ» አለችው።

«ማርቆስ?»

«አለ እንጂ! የአጎቴ ሚስት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተውበታል።»

«እኔ በስልኬ ፈልጌ ነበር» አለ አምሳሉ። «የመጣልኝ ሆቴል ብቻ ነው። አንዱ ጋ ደወልኩ፤ ‹አበባ የለም፣ አልጋ ግን አለ› አሉኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስቅ ነገር ነው። ዜማ ግን አልሳቀችም። ከባለ አበባ ቤቷ ጋር ዓመት ሙሉ የተከራከረችበት ነገር በሰው ፊት ላይ ተጽፎ ሲመጣ አየችና «ስንደርስ እኔ እወስድዎታለሁ» አለችው።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ሄዱ። አበባ ቤቱ ሁለት በር አለው። አንደኛው በዋናው መንገድ በኩል ነው፤ የሙሽራ እቅፍ፣ የመኪና ማስጌጫ፣ የተማሪ ምርቃት አበባ የሚፈልግ ሰው በዚያ ይገባል። ሁለተኛው ከጎን በጠባቡ ቅያስ በኩል ነው፤ ሐዘን ያለበት ሰው በዚያ ይገባል። በሁለቱ መካከል ግድግዳ አለ፤ በዚህ በኩል የሚለቀስ በዚያ በኩል አይሰማም። ዜማ አምሳሉን በጎን በር አስገባችው።

ወይዘሮ ሥራነሽ ዘንቢል ሙሉ የጽድ ቅጠል እየቆራረጡ ነበር። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመዋል። ልጅቱን ሳም ሳም አደረጉና ወደ ጉንጉኑ ሲዞሩ ደነገጡ።

«ይህን ምስኪን ማን ነው እንዲህ የቀቀለው?»

«ዓባይ ነው፣ እትዬ» አለች ዜማ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ሊስቁ ብለው የአምሳሉን ፊት አዩ። ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ።

«ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለእናቴ ነው። ነገ አርባዋ ነው፤ አምበር።»

«ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናህ። በል ቁጭ በል፤ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ተሠርቶ በእጅህ ይገባል፤ ለአምበር መኪና አታጣም። ዋጋው ያውልህ፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። እዚህ ክፍል ውስጥ ክርክር የለም፤ ሐዘንተኛ አይከራከርም፣ እኔም አላስከራክርም።»

ከሲናን ደጋ የመጣ ስንጥቅ ቀርቀሃ አነሡና እንደ ቀለበት አጎበጡት፤ ጫፍና ጫፉን በቃጫ አሰሩ። አምሳሉ በጎማ ጥገና የሚተዳደር ሰው ነውና የሚሠራ እጅ ማየት ያውቃል። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ረገብ አለ።

ዜማ ግን አላረፈችም።

«እትዬ፣ እኚህ ሰው በስልካቸው ፈልገው አጥተውዎታል። ‹ደብረ ማርቆስ አበባ› ብለው ፈልገው ሆቴል ነው ያገኙት።»

«መጣሽ ደግሞ በዚያ ድረ ገጽ በምትይው ነገር!» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ፣ ዐይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ። «ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? አበባ በዐይን ታይቶ፣ በአፍንጫ ተሸቶ ነው የሚሸጥ። ጨርቅ ነው እንዴ በሥዕል የሚገዛ? ደግሞ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ከዚህ እስከ አብማ ሰፈር፣ በአጎትሽ ስም ‹የገዳሙ አበባ ቤት› ብትይ የማያሳይሽ ሰው የለም።»

«ማርቆስ ውስጥ ላለ ሰው ልክ ነዎት። ማርቆስ ላልሆነስ?»

«ላልሆነማ ዘመዱን ይላክ!»

«ዘመዱ ሬሳ እየገነዘ፣ ድንኳን እየተከለ፣ መቼ ነው አበባ የሚፈልገው?»

ወይዘሮ ሥራነሽ ጽዱን ማሰር ቀጠሉ። ዜማ ይህን እንደ መሸነፍ ቆጠረችውና ቦርሳዋን ከፍታ ላፕቶፗን አወጣች። ለክርክሩ ብላ አዲስ አበባ ሳለች አንድ ድረ ገጽ ለናሙና ሠርታ ነበር። ከፈተችው።

ወዲያው የሠርግ ዘፈን ቤቱን ሞላው።

ከበሮው ሲመታ አምሳሉ ቀና አለ። በማያ ገጹ ላይ ቀይ የአበባ ቅጠል ከላይ ወደ ታች ይረግፋል፤ ሙሽራ ትስቃለች፤ ከሙሽራዋ ጎን ደግሞ ጥቁር ጥብጣብ ያለበት ጉንጉን ተደርድሯል። ዜማ ድምፁን ለመዝጋት ስትንደፋደፍ ጭራሽ ጨመረችው።

«ዝጊው! ዝጊው እባክሽ!» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «የሰው እናት ሞታ እልልታ ታሰሚዋለሽ?»

ዜማ ላፕቶፑን ክድን አደረገችው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ ወደ አምሳሉ ዞራ።

«ኧረ ምንም አይደል» አለ አምሳሉ። «እናቴ ብትሆን ትስቅ ነበር።»

እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ወጣት ወይ ይቆጣል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይነሣል። ዜማ ሁለቱንም አላደረገችም። አፍራ እንኳ ጠየቀች፤ በኋላ ለተገኘው መልካም ነገር ሁሉ መነሻው ይህ ጥያቄ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

«እሺ እትዬ፣ ጥፋቴን ይንገሩኝ። ከዘፈኑ ሌላ ምኑ ነው ያልጣመዎት?»

«ልንገርሽ? ያ አበባ የማን ነው? ያ ቢጫው፣ እንደ ዋንጫ የቆመው?»

«ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው። የውጭ አገር አበባ ነው፤ ያምራል ብዬ…»

«ያምራል። እኔ ግን የለኝም። አንድ ሰው ያንን አይቶ ያዝዛል፤ እኔ ከጓሮዬ ጽጌረዳና ካርኔሽን ሰጥቼ እሰደዋለሁ። ከዚያ ምን ይለኛል? ሌባ! ባሌ ገዳሙ ይህን ስም ያለ አንድ ስድብ ነው ትቶልኝ የሄደው። ሌላም አለ። ሙሽራዋንና ጉንጉኑን ጎን ለጎን ምን አገናኛቸው? ይህን ግድግዳ አጎትሽ ለምን እንደ ሠራው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር እቅፍ ልትመርጥ መጣች። በዚያው ሰዓት አንድ አባት ለልጁ ጉንጉን ሊወስድ ቆሟል። ሙሽሪት አየችው፤ እሱም አያት። እሷ ‹ገድ የለውም› ብላ እያለቀሰች ወጣች፤ እሱ ደግሞ ሙሽሪትን የምታክል ልጅ ነበር የሞተችበት። አጎትሽ ያን ለት እህል አልቀመሰም። በሳምንቱ ግንበኛ ጠርቶ ያን በር አስበሳ።»

ዜማ በሩን አየች። ሺህ ጊዜ ገብታ የወጣችበት በር ነው።

«እንግዲያው ድረ ገጹም ሁለት በር ይኑረው» አለች ቀስ ብላ። «ገና ሲከፈት ሥዕል አይታይ፤ ‹ለደስታ› እና ‹ለሐዘን› የሚል ብቻ ይኑር። በደስታው የገባ ጉንጉን አያይም፤ በሐዘኑ የገባ ሙሽራ አያይም። ዋጋውም እዚህ ግድግዳ ላይ እንዳለው በግልጽ ይጻፍ። የራስዎን አበባ ብቻ ፎቶ እናነሣለን፤ ከጓሮዎ ያለውን፣ በእጅዎ ያሰሩትን።»

«ክረምት የሌለኝን ክረምት እንዳያሳይ!»

«ክረምት የሌለውን ክረምት እናወርደዋለን። አጥር ላይ ያልበቀለ ስልክ ላይ አይበቅልም።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። መቀስ አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡና ነጭ ጽጌረዳ በእቅፍ ይዘው ተመለሱ። አምሳሉ ይህን ጊዜ የራሱን ስልክ አውጥቶ ነበር፤ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ማያው ጠባብ የሆነ ስልክ ነው።

«እኔ በዚህ ነገር መሃይም ነኝ» አለ። «ግን ያ የሚረግፈው ቅጠል በእኔ ስልክ አይከፈትም። እናቴ የተቀበረች ለት መናኸሪያ ሆኜ ስፈልግ አንዱ ገጽ እስኪከፈት ካርዴ አለቀ። ሰው እናቱ ሞታ ቅጠል ሲረግፍ አያይም፤ ስልክ ቁጥር ነው የሚፈልግ። ቁጥሩ ከላይ፣ በትልቁ ቢሆን። ሲደውል ደግሞ ሰው ቢያነሣ።»

«የሚያነሣውን ሰው ስምም እንጽፋለን» አለች ዜማ። «‹ወይዘሮ ሥራነሽ ያነጋግሩዎታል›። በአማርኛ። እስከ ስንት ሰዓት የታዘዘ አበባ ለዚያው ቀን ቀብር እንደሚደርስ፣ ለየትኛው አገር እንደሚደርስ ጭምር።»

«ለማርቆስና ለአምበር በዚያው ቀን አደርሳለሁ፤ እስከ አምስት ሰዓት ከነገሩኝ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «ለደብረ ወርቅ ግን አልችልም፤ በዋዜማው ካልሆነ። የማልችለውን እንዳትጽፊብኝ።»

ይህን ካሉ በኋላ ድንገት ነቁ፤ ተስማምቼ ቁጭ አልኩ እንዴ ያሉ መሰሉ። ጽጌረዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አይሆንም። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ አይሆንም። ጉንጉን ፎቶ ይነሣ ብትይኝ የማንን ጉንጉን ነው የምታነሽው? እኔ ሰው ሳይሞት ጉንጉን ሠርቼ አላውቅም። ባዶ ጥብጣብ አንጠልጥዬ፣ ማንን ነው የምጠብቀው? ሟርት ነው! አጎትሽም እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም፤ እኔም አላደርግም።»

ዜማ ለዘፈኑም፣ ለሥዕሉም መልስ ነበራት። ለዚህ ግን ዩኒቨርሲቲ ምንም አላስተማራትም። ደግሞም ሴትዮዋ የሚናገሩት ከግትርነት አልነበረም፤ በየዕለቱ ሞትን በእጃቸው የሚነኩ ሰው ከሞት ጋር ያላቸው ጨዋነት ነው።

ወይዘሮ ሥራነሽ ነገሩን ለመለወጥ ወደ አምሳሉ ዞሩ።

«ቀብሩ ላይ ደረስህ፣ ልጄ?»

«አልደረስኩም።»

«ምነው?»

«ጠዋት ደወሉልኝ፤ ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትቀበራለች› አሉኝ። መናኸሪያ ስደርስ መኪና አልቋል። በማግስቱ ነው የገባሁት።» አምሳሉ የአሮጌውን ጉንጉን ጥብጣብ በጣቱ እየጠቀለለ ነበር። «አንድ ፋሲካ አበባ ይዤላት መጥቼ ነበር፤ ከአዲስ አበባ፣ እቅፌ ውስጥ ይዤ። ውሃ በጣሳ ሞልታ ነከረችው። ደርቆ ገለባ እስኪሆን አልጣለችውም፤ የመጣውን ሰው ሁሉ ‹ልጄ ነው ያመጣልኝ› ትላለች። ከዚያ እየሳቀች ‹ስሞት እንዲህ ያለ ታመጣልኛለህ፤ ደረቅ እንዳይሆን ብቻ› አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። ያን ለት እኔ ባልደርስ አበባው እንኳ ይድረስ ብዬ ነው በስልክ ስፈልግ የዋልኩት።»

«መቼ ነበር ቀብሩ?»

«ታኅሣሥ ዐሥራ አራት።»

የወይዘሮ ሥራነሽ እጅ ቆመ።

«በጾሙ» አሉ።

«አዎ፣ በነቢያት ጾም።»

«በጾም ሠርግ የለም። ያን ሰሞን…» አሉና ወደ ጓሮው በር አዩ። «ያን ሰሞን ይህ ነጭ ጽጌረዳ እንዲህ ሆኖ ነበር። የሚገዛ ጠፍቶ ግንዱ ላይ ደረቀ። በቅርጫት ለቅሜ ለጎረቤት ላም ሰጠሁት።»

ከወዲያኛው ክፍል፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የምርቃት አበባ ሊጠይቁ የገቡ ልጆች «ሰው የለም?» ሲሉ በጓሮው በር በኩል በሩቁ ተሰማ። ወይዘሮ ሥራነሽ አልተንቀሳቀሱም።

«ለላም» አሉ እንደገና። «አንተ ስትፈልገኝ።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እናቴ? አያውቁ።»

«እሱን ነው የምልህ። አላወቅሁም። አንተም አላወቅህም።»

ዜማ ይህን ጊዜ ብትናገር ክርክሩን ታሸንፍ ነበር፤ አስተዋይ ልጅ ናትና ላፕቶፗን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

ወይዘሮ ሥራነሽ ጽጌረዳውን አንሥተው በጽዱ ላይ መሰካት ጀመሩ። አንዱን ነጭ፣ ከዚያ ቅጠል፣ ደግሞ ነጭ። ቀለበቱ ሲሞላ ጥብጣቡን ከአምሳሉ እጅ ተቀበሉና በውሃ አርጥበው በመዳፋቸው ተኮሱት።

«ክርስትና ስሟ ማን ነበር?»

«ወለተ ሐዋርያት።»

«ነገ ቄሶቹ በዚያ ይጠሯታል። ጎረቤቱ ግን የብርጓል ነው የሚላት፤ ጥብጣቡ ላይ ያለው ይብቃ። ዜማ፣ ይህንንም ጻፊው። ሰው ሲያዝዝ ሁለቱንም ስም ትጠይቂዋለሽ። በስልክ የሚያዝዝ ሰው ይረሳዋል፤ እዚህ ፊቴ ቢቆም እኔ እጠይቀው ነበር።»

ዜማ «ጻፊው» የሚለውን ቃል ሰማች። አምሳሉም ሰማ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ጉንጉኑን በሁለት እጁ ያዘና ወደ ብርሃኑ፣ ወደ ጎን በሩ ወሰደው።

«እናቴ፣ ሟርት ያሉት ባዶውን ጥብጣብ ነው አይደል?» አለ። «ይሄ ባዶ አይደለም። ባለቤት አለው። የእናቴን ጉንጉን ፎቶ አንሡት። እሷ እንደሆነች አበባዋን ሰው ሲያይላት ደስ የሚላት ናት።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ፊቱን አዩት፤ ከልቡ ይሁን ለይሉኝታ ለማወቅ ነው። ከዚያ ለዜማ በአገጫቸው አመለከቱ። ዜማ ስልኳን አወጣች። ጉንጉኑን ከቅያሱ ግንብ ላይ አስደግፈው፣ ምንም ሳያስጌጡ፣ በዐሥር ሰዓቱ ፀሐይ አነሡት።

«በውሃ በራሰ ጨርቅ ነው የምጠቀልልልህ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ሲያሽጉት። «ረዳቱ ከጣሪያ ላይ እጭናለሁ ቢልህ እምቢ በል። ጉልበትህ ላይ ይሁን።»

አምሳሉ በዚያው ምሽት አምበር ገባ። አርባው በማግስቱ ተደረገ፤ ነጩ ጽጌረዳ ትኩስ ሆኖ መቃብሩ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ አሸተተችውና «አይ የብርጓል፣ የተመኘሽውን አገኘሽ!» አለች።

ድረ ገጹ የተከፈተው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዘፈን የለውም፤ የሚረግፍ ነገርም የለውም። የተሰነጠቀው የአምሳሉ ስልክ እንኳ ቶሎ ይከፍተዋል። ሁለት በር አለው። ከላይ ስልክ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ «ወይዘሮ ሥራነሽ ያነጋግሩዎታል» ይላል። ያለው አበባ ይታያል፤ ሲያልቅ ይወርዳል። እስከ አምስት ሰዓት ካልታዘዘ ለዚያ ቀን ቀብር እንደማይደርስ ሳያፍር ይናገራል፤ ሰውም ይህን ስላወቀ ያምነዋል። ዛሬ ሙሽሮች ከባሕር ዳር ሳይቀር በስልክ እቅፍ ይመርጣሉ፤ የተመራቂ ወላጆች ከመምጣታቸው በፊት ያዝዛሉ። በጾም ወራት ጽጌረዳው ግንዱ ላይ አይደርቅም። ወይዘሮ ሥራነሽ «ኢንተርኔት» ማለት ገና አልለመዱም፤ «ሦስተኛው በር» ነው የሚሉት። ሱቁን የሚያውቁት ደንበኞች ግን እንደ ድሮው በእግራቸው ይመጣሉ፤ ያሸታሉ፣ ይነካሉ። አዲሱ መንገድ አሮጌውን አልዘጋውም።

በሐዘን በኩል የመጀመሪያው ትእዛዝ የመጣው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። ጅማ የሚኖር አንድ ሰው አምበር ለሞተ ወንድሙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዘዘ። አበባው ከቀብሩ በፊት ደረሰ።